«ምንም አይልም»

ሽሮው እንዴት ነው? ምንም አይልም። ፊልሙስ? ምንም አይልም። አዲሱ አስተማሪ? እሱም ምንም አይልም። አማርኛ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሰነፍ ብይን ያለ አይመስለኝም። ሙገሳ አይደለም፤ ነቀፋም አይደለም። ተናጋሪው በአጭሩ «ብዙ አላሰብኩበትም፣ እለፈኝ» እያላችሁ ነው። የቪዲዮ ጌም ተቺዎች ይህንኑ ቃል በቁጥር ይጽፉታል፦ ከ100 ስልሳ ምናምን።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስልሳ ምናምን ነው። መጀመሪያ ከሞንትሪያል ስለወጣ አንድ ጌም አወራለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ከካንጋተን ብዙም ስለማይርቅ አንድ የተሸረሸረ ደረቅ አፈር። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ጌም የለመድኩት ጂንካ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ገና ከተማው መሃል ሳለ። ሳር የበቀለበት ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ እኛም ኳስ እንጫወትበታለን። ከሜዳው ስንባረር የምንገባው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ታላላቆቻችን በጆተኒ ነው ያደጉት፤ እኛ በፒኤስ ቱ። የቆርቆሮ ቤት፣ የሚገድል ሙቀት፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ላስቲካቸው የተላጠ ጆይስቲኮች። ዲስኮቹ ኮፒ ናቸው፤ ስማቸው በማርከር ተጽፎባቸዋል፤ አንዳንዱ ስም ውስጡ ካለው ጌም ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። (ኮንሶል የሚባለው እንግዲህ ይሄ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘው ማሽን ነው። ወደ ጂንካ ስትመጡ የምታልፉባት ኮንሶ ሌላ ናት።)

ያ ቤት የራሱ የሆነ የሂስ ሥርዓት ነበረው፤ ያኔ ሂስ መሆኑ አይገባንም እንጂ። አዲስ ዲስክ ሲመጣ ጋሼ የምንለው ባለቤቱ ለአንድ ቀን በነጻ ይለቀዋል። ማታ ላይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተሸነፈው ልጅ «ድገመኝ» ብሏል ወይ? ካለ ዲስኩ ይቆያል። ካላለ ካርቶን ውስጥ ይገባል። በዚህ መመዘኛ ዓለም ያጨበጨበለት ጌም ሁሉ ሊወድቅ ይችላል፤ ለብቻ የሚጫወቱት፣ ታሪኩ ረጅም የሆነ ጌም ወንበር ይይዛል እንጂ ሳንቲም አያመጣም። ኳስ ግን ሁልጊዜ ያልፋል። ፕሮ ኢቮሉሽን የክለቦቹን ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲን «ለንደን ኤፍሲ» ሲላቸው አንዳችንም ነጥብ አልቀነስንበትም። ማን ማን እንደሆነ እናውቃለና።

የውጪዎቹ መንገድ ሌላ ነው። ጃፓን ውስጥ ፋሚትሱ የሚባለው መጽሔት አንዱን ጌም ለአራት ተቺዎች ሰጥቶ እያንዳንዳቸው ከ10 ያርሙታል፤ ድምሩ ከ40 ይሆናል። በ2001 ደግሞ ሜታክሪቲክ መጣና ከየመጽሔቱና ከየድረ ገጹ ነጥብ እየለቀመ አንድ አማካይ ያወጣ ጀመር። 75 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ጌም አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 74 ያለው ቢጫ፣ ከዚያ በታች ያለው ቀይ። የትራፊክ መብራት ነው በቃ። ቢጫው ላይ ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ሾፌር ማንም አይቆምም።

ቁጥሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2010 ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ»ን ሠራ። አሳታሚው ቤተስዳ ጌሙ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ካመጣ ቦነስ ሊከፍል ተስማምቶ ነበር። 84 አመጣ። በቃ፣ ቦነስ የለም። ነገሩን ከጊዜ በኋላ ይፋ ያወጣው ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን ነው። ማትሪክ ላይ በአንድ ነጥብ የወደቀ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

የሚብሰው ግን ቁጥሩ አለመታረሙ ነው። ሜታክሪቲክ ከአንድ መጽሔት የሚቀበለው መጀመሪያ የወጣውን ነጥብ ብቻ ነው። በ2012 ጌምስፖት «ናቹራል ሴሌክሽን 2» ለተባለ ጌም 60 ሰጠ። ጽሑፉ ውስጥ የተሳሳተ መረጃ እንዳለ ሲታወቅ ጌምስፖት ራሱ አነሳው፤ ጌሙን በሌላ ሰው አስገመገመና 80 ሰጠ። ሜታክሪቲክ ላይ ግን ያው 60 ቀረ። ይሄኛው የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ሕጉ ግን ለኮንሶሉም አንድ ነው። የጻፈው ክፍል «ተሳስቻለሁ» ብሎ የሻረው ብይን መዝገብ ላይ ይኖራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሞንትሪያሉ ጌም። ስሙ «አንሴስተርስ፦ ዘ ሂውማንካይንድ ኦዲሲ» ነው፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ «ቅድመ አያቶች» እለዋለሁ። የሠራው ፓናሽ የተባለ ስቱዲዮ ሲሆን መሪው ፓትሪስ ዴዚሌ ነው፤ በ2007 የወጣውን የመጀመሪያውን «አሳሲንስ ክሪድ» የመራ ሰው። በ2013 ዩቢሶፍት አባረረው፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። እሱም በቀጣዩ ዓመት የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ስለዚህ በ2019 አዲስ ጌም ይዞ ሲመጣ ብዙ ሰው ሌላ «አሳሲንስ ክሪድ» ነበር የጠበቀው። የመጣው ጦጣ ነው።

ጌሙ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት አፍሪካ ውስጥ፣ ጫካ መሃል ይጀምርና ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ላይ ያበቃል። የምትመሩት አንድ ጀግና ሳይሆን አንድ ቤተሰብ ነው። ካርታ የለም፤ «በዚህ ሂዱ» የሚል ቀስትም የለም። ገና ሲከፈት ብዙ እንደማይረዳችሁ ፊት ለፊት ይነግራችኋል፤ ቃሉንም ይጠብቃል። ማሽተት፣ ማዳመጥ፣ እንጨት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማዛወር፣ ሁሉም ገና የሚለመድ ነው። ሕፃን ተሸክማችሁ ካልዞራችሁ የቤተሰቡ አእምሮ አያድግም፤ እናቲቱ ያወቀችው ለቀጣዩ ትውልድ የሚተላለፈው ልጅ አብሯት ሲኖር ነው። ውሃ ውስጥ አዞ አለ። ሳሩ ውስጥ ጥርሱ እንደ ሳንጃ የሾለ አውሬ አለ። ሁሉም ካለቁ ዘራችሁ ጠፋ፤ ከዜሮ ጀምሩ። ከተሳካላችሁ ደግሞ ጌሙ የቤተሰባችሁን እድገት ሳይንስ ከሚያውቀው ጋር እያስተያየ ስንት ዓመት እንደቀደማችሁ ይነግራችኋል። መንገዱ በአርዲፒቴከስ በኩል ወደ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ፣ ማለትም ወደ ድንቅነሽ ወገን ይወስዳል። ካናዳ ተቀምጠው የኛን ጓሮ ነው ጌም ያደረጉት።

በኦገስት 2019 ለኮምፒውተር፣ በዲሴምበር 6 ደግሞ ለፒኤስ ፎር እና ለኤክስቦክስ ዋን ወጣ። አማካዩ 60ዎቹ አጋማሽ ላይ ተቀመጠ። ቢጫ። አብዛኛው ተቺ የተናገረው ተመሳሳይ ነው፦ ሐሳቡ ትልቅ ነው፣ ግን ይደጋገማል፣ አዝራሮቹ ያስቸግራሉ፣ ምን ማድረግ እንዳለብህ አይነግርህም። ምንም አይልም።

ዴዚሌ ዝም አላለም። በዚያው ዓመት ለጋዜጠኛ ሲናገር ከተቺዎቹ አንዳንዶቹ ጌሙን ጭራሽ እንዳልተጫወቱት እናውቃለን አለ፤ ውስጡ የሌለ ነገር፣ ፈረስ መጋለብና እሳት፣ እንዳለ አድርገው ጽፈዋል። ንዴት ብቻ ግን አልነበረም። በሳምንት 15 ጌም የሚገመግም ሰው ለአንዱ 50 ሰዓት ከየት ያመጣል የሚል ሐሳብም ነበረው። ልብ በሉ፦ ፈረስ! ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ፈረስ የጋለበ ቅድመ አያት።

እኔ 40 ሰዓት ገደማ ተጫውቼዋለሁ። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ባመጣው ፒኤስ ፎር ላይ ተጭኖ ነው ያገኘሁት። እውነቱን ልናገር፣ ስልሳ ምናምኑ ስድብ አይደለም። ድንጋይ በድንጋይ ስትሞርዱ ድምፁን ሰምታችሁ በትክክለኛዋ ቅጽበት አዝራሩን ካልለቀቃችሁ አይሆንም፤ ይህንን አንድ ሺህ ጊዜ ትሠሩታላችሁ። ቅርንጫፍ ልትይዙ ዘላችሁ አየር ትይዛላችሁ። የመጀመሪያዎቹን አስር ሰዓታት ለማንም አልመክርም። ግን አስራ አምስተኛው ላይ ይመስለኛል፣ አንዲት ያረጀች የቤተሰቡ አባል ሞታ ልጇ የሷን መንገድ ስትሄድ፣ ከእናቷ የወረሰችውን ስትሠራ፣ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። ያ ስሜት በሦስት ሰዓት አይመጣም። ስለ ዘገምተኛ ነገር የተሠራ ጌም ነው፤ የዳኙት ደግሞ ብዙዎቹ ሰዓት እየቆጠሩ ነው።

የተቸኮለ ብይን ሲነሳ ደግሞ ለኔ ትዝ የሚለኝ ጌም ሳይሆን ኪቢሽ ነው።

ከጂንካ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አድርጋችሁ ወደ ኦሞ ወንዝ ስትወርዱ የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ካንጋተን ትገኛለች። እዚያው አካባቢ፣ ወንዙ በየዘመኑ ያነጠፈው ደለል በጎርፍና በነፋስ ተሸርሽሮ የተራቆተበት ቦታ አለ። ጂኦሎጂስቶች የኪቢሽ ፎርሜሽን ይሉታል። በ1967 የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች ታችኛውን ኦሞ ተከፋፍለው አጥንት ፍለጋ ወጡ። ፈረንሳዮቹን የሚመሩት ካሚል አራምቡርግና ኢቭ ኮፐን ናቸው፤ አሜሪካዊው ክላርክ ሀወል ነው። የኬንያው ቡድን መሪ ደግሞ የ22 ዓመቱ ሪቻርድ ሊኪ ነበር፤ ኪቢሽ የደረሰው ለሱ ነው። ወንዙን ሲሻገሩ አዞ የእንጨት ጀልባቸውን ክፉኛ ስላበላሸባቸው በሬዲዮ ሌላ፣ የአሉሚኒየም ጀልባ ማስመጣት ነበረባቸው። («ቅድመ አያቶች» ላይ አዞ ሲበዛ «ተጋነነ» ያላችሁ ተቺዎች ካላችሁ ይህን ያዙልኝ።)

ቡድኑ ያገኘው ነገር ትንሽ አልነበረም። ካሞያ ኪሜውና ጓደኞቹ ዛሬ ኦሞ 1 እና ኦሞ 2 የሚባሉትን የራስ ቅሎችና አጥንቶች አወጡ። ግን ሊኪ የሚፈልገው ሚሊዮን ዓመት ነበር። ጎረቤቶቹ ፈረንሳዮችና አሜሪካኖች ሚሊዮን ዓመት የሚቆጠርለት አፈር ሲደርሳቸው ለሱ የደረሰው «ልጅ» አፈር ሆነበት፤ በ1969 የወጣው ግምት ወደ 130,000 ዓመት ገደማ ነበር፣ እሱም በወንዝ ቀንድ አውጣ መሰል ቅርፊት የተለካ ስለሆነ ብዙ ሰው አላመነውም። በዚያው በ1967 ዘመቻ መሃል ሊኪ ከናይሮቢ ሲመለስ አውሮፕላኑ ዝናብ ለመሸሽ በሩዶልፍ ሐይቅ፣ በዛሬው ቱርካና፣ በኩል አለፈ። ከላይ ሆኖ ያየው ደለል ልቡን ወሰደው። በቀጣዩ ዓመት ኦሞን ትቶ ወደ ኩቢ ፎራ ሄደ። ስሙ የገነነውም በዚያ ነው፤ ስለዚህ ለሱ ዓላማ ተሳሳተ አልልም። ለኪቢሽ የሰጠው ብይን ግን በአንድ ወቅት ቆይታ የተሰጠ «ምንም አይልም» ነበር።

ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ አለፈ። ከ1999 ጀምሮ ጆን ፍሊግል፣ ኢትዮጵያዊው ዘላለም አሰፋና ሌሎች ተመራማሪዎች የድሮውን ቦታ ፈልገው ተመለሱ። የኦሞ 1 ተጨማሪ አጥንቶች ከመሬቱ ላይ ለቀሙ። ከነሱ አንዱ የጭን አጥንት ስባሪ ነበር፤ በ1967 ከተነሳው ስባሪ ጋር ሲያገናኙት ገጠመ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ግማሹ አጥንት ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ፣ ግማሹ ኦሞ ዳር ዝናብና ፀሐይ ሲመታው ኖረ። ሦስት ዐሥርት ዓመት ሙሉ ማንም ጎንበስ አላለም።

በ2005 ኢያን ማክዱገል፣ ፍራንክ ብራውንና ፍሊግል በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለውን አርጎን ለክተው አጥንቱ 195,000 ዓመት ገደማ እንደሆነ ጻፉ። በ2022 ደግሞ ሴሊን ቪዳል የመራችው ቡድን ከአጥንቱ በላይ ያለውን አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር አገናኝቶ ዕድሜውን ቢያንስ ወደ 233,000 አሳደገው፤ ስህተቱም ወደላይም ወደታችም 22,000 ዓመት ነው። አዎ፣ ሞሮኮ ውስጥ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት 300,000 ይደርሳሉ፤ እነሱ ሙሉ በሙሉ እንደኛ ናቸው ወይ የሚለው ክርክር ግን አላለቀም። የኦሞ 1 አገጭና ክብ የራስ ቅል የኛው ነው። 130,000፣ 195,000፣ 233,000፤ አጥንቱ ያው፣ ቁጥሩ ሦስት። የድሮውን ቁጥር «መጀመሪያ የወጣው ይጽና» ብሎ የያዘ ሜታክሪቲክ የለም።

ይህ ለአንድ አጥንት ብቻ የሆነ አይደለም። በዚያው በ1967 ፈረንሳዮቹ ታችኛው ኦሞ ላይ ጥርስ አልባ መንጋጋ አገኙ፤ አራምቡርግና ኮፐን አዲስ ዝርያ ነው ብለው «ፓራአውስትራሎፒቴከስ ኤትዮፒከስ» የሚል ስም አወጡለት። ባልደረቦቻቸው ብዙም አልተገረሙም፤ አንድ የተሰበረ መንጋጋ ምን ያህል ያስኬዳል? ስሙ ለዓመታት ተረስቶ ኖረ። በ1985 አለን ዎከር ከቱርካና ሐይቅ ምዕራብ ዛሬ «ጥቁሩ የራስ ቅል» የሚባለውን፣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረውን ሲያገኝ ያ የተረሳ ስም ተነሳ። «ኤትዮፒከስ» አሁን መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ስም ነው።

አንድ ነገር ላንሳ፣ ካላነሳሁት ስለሚቆጨኝ። የኦሞ ሰው ከቅድመ ታሪክ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠራ ደስ አይለኝም። ቱሪስቱ ካሜራውን ይዞ የሚመጣው ከድንጋይ ዘመን የተረፈ ሰው ሊያይ ነው። ኪቢሽ ላይ ያለው አጥንት ግን የኛንጋቶም ብቻ አያት አይደለም፤ የካሜራው ባለቤትም፣ የሞንትሪያሉ ጌም ሠሪም፣ የናንተም ነው። ኛንጋቶም ከኬንያው ቱርካና ጋር የሚቀራረብ ቋንቋ የሚናገር፣ ከብት የሚያረባና ኦሞ ዳር ማሽላ የሚያመርት፣ የዛሬ ሕዝብ ነው። ልጆቹ ስልክ ይነካካሉ፣ አርሰናልን ይሳደባሉ።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ስልሳ ያመጣ ጌም ሁሉ ያልታወቀ ኪቢሽ ነው» ማለት ግን ጅልነት ነው። የጋሼ ካርቶን ውስጥ የገቡት ዲስኮች አብዛኞቹ ቦታቸው እዚያ ነበር። ከፊልም ተገልብጠው በችኮላ የተሠሩ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ተዋናይ ያላቸው፣ ምናምን። ሠላሳ ዓመት ብትጠብቋቸውም ምንም አይገጥማቸውም። «ቅድመ አያቶች» ራሱ የት እንደሚወድቅ አላውቅም፤ ቁጥሩን ብጠየቅ እኔም ከ70 አላሳልፈውም። የምቃወመው ቁጥሩን አይደለም። ፈረስ ያየው ሰውዬ ድምፅ እና 50 ሰዓት የቆየው ሰው ድምፅ አንድ አማካይ ውስጥ እኩል መቆጠራቸውን ነው።

ባለፈው ክረምት ከካንጋተን መጥቶ ጂንካ የሚማር አንድ ልጅ ቤት መጣ። ፊፋ ላይ ሦስት ለዜሮ አሸንፎኝ ስላፈርኩ ጌሙን ቀየርኩና «ቅድመ አያቶች»ን ከፈትኩለት። ትንሽ አየ።

«ጎል የለውም እንዴ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ማን ያሸንፋል?»

«ማንም።»

«ለሁለት አይሆንም?»

«አይሆንም።»

«ይደብራል፣ ብሮ» አለኝና ጆይስቲኩን መለሰልኝ። ጋሼ ይህን ቢሰማ ይኮራ ነበር፤ በአምስት ደቂቃ ያለቀ ግምገማ። ስክሪኑ ላይ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ዛፍ ላይ ወጥታለች፤ ከታች ባለሳንጃ ጥርሱ አውሬ ይዞራል። እንደዚያው ዘጋሁትና ወደ ፊፋ ተመለስን፤ አራት ለአንድ ተሸነፍኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላም ሳይለኝ «ያቺ ዛፍ ላይ የነበረችው ከነልጇ ወረደች?» አለኝ።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር።